የእናቴ ጣውንት

ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም ገበያ ስመለስ፣ ከባጃጆቹ ማቆሚያ አጠገብ አንድ ወጣት አዲስ የገዛትን መኪና በደረቅ ጨርቅ ሲወለውል አየሁት። ቀትር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከጣሪያዋ ላይ አቧራውን በኃይል ይፈትጋል፣ ጨርቁን ያራግፋል፣ እንደገና ይፈትጋል። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

«ልጄ፣ በደረቁ አትፈትጋት። አቧራው አሸዋ አለበት፣ ቀለሟን ይቧጭረዋል። መጀመሪያ ጥላ ውስጥ አስገባት፤ ብረቷ ሲበርድ ውኃ አፍስስባት» አልኩት።

ቀና ብሎ ነጠላዬንና የያዝኩትን የጎመን እስር አየና ሣቀ። «እማማ፣ መኪና ነበረዎት እንዴ?»

«የኔስ አልነበረችም፤ የእናቴ ጣውንት ነበረች» ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። ምን እንዳሰበ እንጃ። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ የአባቴ እርጥብ እጆች ከዓይኔ አልጠፉም።

አባቴ ታከለ ከቤት ሲወጣ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን ከአንድ ሾፌር ጋር አሰብ ወረደ፤ ወደቡ ላይ ሥራ አገኘና እዚያው ቀረ። አልፎ አልፎ በመንገደኛ እጅ ልብስ ይልክልን ነበር፤ አንዳንዴም ቴምር። ቴምሩ እኛ ዘንድ እስኪደርስ በሙቀት ተጣብቆ አንድ ድፍን ነገር ይሆናል፤ እኔና እናቴ በማንኪያ እየገመስን እንበላዋለን። አባት ሲባል ለእኔ ያ ጣፋጭ ነገርና ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት ፎቶ ነበር።

እናቴ የሺ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ከማንኩሳና ከቡሬ ገበሬዎች ዛላውን ትገዛለች፣ ታሰጣለች፣ ትቀነጥሳለች፣ በጆንያ አድርጋ ትሸጣለች። ቤታችን የገባ እንግዳ ሳያስነጥስ አይወጣም። ሥራዋን ስትጨርስ እጇ ስለሚያቃጥላት ቅቤ ትቀባዋለች። ሰው ስለ አባቴ ሲጠይቃት «ደኅና ነው አሉ» ትላለች፤ «አሉ» የምትለዋን ረገጥ አድርጋ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ዓመት፣ ግንቦት ሲያልቅ፣ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ደጃችን ላይ ቆመች። ከውስጧ ቀጠን ያለ፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ፣ ጸጉሩ ከጆሮው በላይ የሸበተ ሰው ወረደ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። አልተነሣችም።

«እንደምን ዋልሽ፣ የሺ» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ዋሉ?»

ድሮ «ታኬ» እና «አንተ» ስትለው እንደነበረ ጎረቤቶቻችን ነግረውኛል። በእኛ አገር አንቱታ ክብር ነው፤ ያን ቀን ግን አባቴ በጥፊ የተመታ ሰው መሰለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እጁን ሊዘረጋልኝ ፈለገ፣ ተወው፣ ደግሞ ዘረጋው። እኔም ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል አነሣኝና አቀፈኝ። ልብሱ የቤንዚንና የማላውቀው ነገር ሽታ ነበረው። የባሕር ሽታ ይሆን ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የግል መኪና ብርቅ ነበርና ሰው ሊያያት መጣ። ከሁሉ ይልቅ የተገረሙት ግን የጭነት መኪና ሾፌሮቹ ናቸው፤ አሰብን ያውቁታላ። እዚያ ፀሐዩ ቀለምን አንጥቶ እንደ ኖራ ያረግፈዋል፤ ከባሕሩ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ደግሞ ጨው ይዞ እየመጣ ብረቱን ከሥር ይበላዋል። የአባቴ ቮልስ ግን ፊት ታሳይ ነበር። አንዱ ሾፌር በሯን በጣቱ ነካ አድርጎ «ታኬ፣ ይቺን የት ደብቀህ አኖርካት?» አለው።

«ጥላ ውስጥ» አለ አባቴ፣ ደስ ብሎት።

እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ሰማች።

አባቴ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ ይነሣል። መጀመሪያ ውኃ ብቻ ያፈስባታል፣ አቧራው እንዲወርድ። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ያብሳታል፤ የወፍ ኩስ ካለባት በእርጥብ ጨርቅ አለስልሶ ያነሣዋል እንጂ አይፍቀውም። አድርቆ ሰም ይቀባታል። ፀሐይ ሲበረታ ራሱ በእጁ የሰፋውን የአቡጀዲ ልብስ ያለብሳታል። እኔ ጨርቅ እየጨመቅኩ አቀብለው ነበር። ብዙ አናወራም፤ አባትና ልጅ ምን እንደሚያወራ ሁለታችንም አናውቅም። ግን ጠዋቱን እወደው ጀመር።

ከአሰብ ያመጣው ሰም ሲያልቅ፣ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ለምኖ አመጣና አቅልጦ ቀባት። መኪናዋ አብረቀረቀች፤ ንቦች ግን ቀኑን ሙሉ ከበቧት። አባቴ በፎጣ ሊያባርራቸው ግቢውን ሲዞር እናቴ ስትሥቅ አየኋት። እሱ ዞር ሲል ሣቋን ዋጠች።

«ጣውንቴ ዛሬ ማር ማር ትላለች» አለች ለእኔ፣ እሱ እንዲሰማ።

ከዚያ ወዲያ ስሟ ጣውንቴ ሆኖ ቀረ። «ጣውንቴ ታጠበች?» «ጣውንቴን አለበሷት?» ትለዋለች፣ ሁልጊዜ በአንቱታ። አባቴ ይሥቃል፤ ሣቁ ግን ቶሎ ይቆማል።

ሰኔ ሲገባ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሁላችንም ቤት ስንሮጥ አባቴ ግቢው መካከል ቆሞ ቀረ። መዳፉን ዘርግቶ ውኃውን ያዘና ቀመሰው። «ጨው የለውም እኮ!» ብሎ ጮኸ። «እዚያ እሷን ላጥብ ንጹሕ ውኃ በጀሪካን ስሸከም ኖርኩ፤ እዚህ ይኸው ከሰማይ ይወርዳል!» እስኪበሰብስ ድረስ እንደ ልጅ እየሣቀ ቆመ። እናቴ ከበሩ ሆና አየችው። ደረቅ ጋቢ አውጥታ በእኔ እጅ ሰደደችለት።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ወጣ። አባቴ እንጀራውን በእጁ እንደያዘ መኪናዋን ሊያለብሳት ተነሣ።

«ይቀመጡ» አለችው እናቴ።

«ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ አንድ ጊዜ…»

«ይቀመጡ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህን ሁሉ ዓመት ለእሷ ጥላ ሲፈልጉላት ኖሩ። እኔና ልጅዎ የት የቆምን ይመስልዎ ነበር?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አባቴ እንጀራውን ወደ ትሪው መለሰ። መኪናዋ ያን ቀን ፀሐይ ላይ ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ጨርቁን ሳቀብለው፣ ሳልጠይቀው ተናገረ።

«እናትሽን ሳገባ አባቷ ሠርጉ ላይ አልቆሙም። መሬት የሌለው፣ ከሰው መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ብለው። እናትሽ ከአባቷ ቤት በእግሯ ነው የወጣችው፣ ሸኚም አልነበራት። አንድ ቀን በራሴ መኪና ወደ አባትሽ ደጅ አደርስሻለሁ አልኳት። ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ ገንዘቡ አልሞላ አለ። ሲሞላ የመግዣ ፈቃድ ከለከሉኝ። ይቺን ካገኘሁ በኋላ ደግሞ…» ጨርቁን ጨመቀ።

«ደግሞ ምን?»

«ደግሞ ፈራሁ። ይህን ያህል የቆየ ሰው በምን ፊቱ ይገባል? ቢያንስ እሷ እንደ አዲስ ሆና ትድረስ አልኩ።»

«ታዲያ ለእማዬ ለምን አይነግሯትም?»

«ምን ብዬ? ላንቺ ብዬ ነው የጠፋሁት ልበላት?»

መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ የእናቴ ወንድም ልጅ አያሌው እስከ ጉልበቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። የእናቴ አባት ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ ገባ ብሎ ባለ ገጠር ነበር የሚኖሩት። «አባ ታመዋል፤ የሺን ጥሩልኝ ይላሉ። በቃሬዛ እንዳናወጣቸው መንገዱን የሚችሉ አይመስሉም» አለ።

የዕለቱ አውቶቡስ አልፏል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዋናው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ልትለምን ወጣች። ከበሩ ስትደርስ አባቴ ቮልሷን አስነሥቶ ጠበቃት።

«ግቢ፣ የሺ።»

ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን ተቀምጣባት አታውቅም። ቆማ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ከፊት ገባች። እኔና አያሌው ከኋላ ጉልበታችንን አገጫችን ድረስ አጥፈን ተቀመጥን።

የጎጃም መስከረም ምን ያህል እንደሚያምር የሚያውቅ ያውቀዋል። ኑጉ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ። አያሌው ከኮሮጆው የተጠበሰ እሸት አውጥቶ ሰጠኝ፤ ፍርፋሪው ወንበሩ ላይ ሲረግፍ አባቴ በመስተዋቱ አየና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ጠጠሩ ከጎማ እየተነሣ ሆዷን ሲደበድባት ሌላ ጊዜ ቢሆን ፊቱ ይኮማተር ነበር። ማንኩሳን አለፍን፣ ቡሬን አለፍን። እናቴ መንገዱን ብቻ ታያለች።

ከሽንዲ መንገድ ተገንጥለን ትንሽ እንደሄድን ወደ አያቴ መንደር የሚያስገባው የከብት መንገድ ላይ ደረስን። ክረምቱን ሙሉ ማንም ስላልመነጠረው ከሁለቱም አጥር አጋሙና ቀጋው አድጎ መካከል ላይ ተገናኝቷል። አባቴ አቆመ። ወርዶ ቅርንጫፎቹን በእጁ ይዞ ሊሰብራቸው ሞከረ። እሾኹ አልበገር አለው። ወደ መኪናዋ ዞሮ አያት፤ ከዚያ እናቴን አያት።

«ይተዉት። ከዚህ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች።

መንደሩ ገና ሩቅ ነው፤ ከምዕራብ በኩል ደግሞ ደመና ጠቁሮ ይመጣል። አባቴ ተመልሶ መኪናዋ ውስጥ ገባ። «መስኮቱን ዝጉ» አለን። ነዳት።

ያ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እሾኹ በሁለቱም ጎኗ ከፊት እስከ ኋላ ይፍቃታል፣ ይለቃታል፣ ሌላው ይቀበላል። አዲስ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴ አላቆመም፣ አላዘገመምም። ድምፁ ለአፍታ ጋብ ሲል እናቴ ስትናገር ሰማሁ።

«ታኬ፣ እጅህ ይደማል።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ከመዳፉ ደም በመሪው ላይ ይወርዳል። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ፣ እሱ መሪውን እንደያዘ፣ እጁን ጠመጠመችለት። አባቴ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ከፊቱ ያለውን መንገድ ያይ ነበር።

አያቴ ግቢ ስንደርስ ቮልሷን ቀና ብሎ ያየ ሰው የለም። ጎረቤቱ በሙሉ በር ላይ ተሰብስቧል። እናቴ ሮጣ ገባች። አያቴ መደቡ ላይ ተጋድመዋል፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነበር።

«ማን አመጣሽ?»

«ባሌ አመጣኝ፣ አባ።»

«ያ ታከለ? ከባሕር ተመለሰ?»

«ተመለሰ።»

«ጥሩት።»

አባቴ አጎንብሶ ገባ። የተጠመጠመ እጁን ከኋላው ደብቆታል። አያቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «በምን መጣህ?» አሉት።

ይህን ጥያቄ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው እንደኖረ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ከየሺ ጋር ነው የመጣሁት» አላቸው።

አያቴ እጃቸውን አወጡ። አባቴ ተንበረከከ፤ ራሱ ላይ ጫኑበትና መረቁት። ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ሲባሉ «ከቤቴ አታውጡኝ» አሉ። ያን ሳምንት አልጨረሱም፤ እስከ መጨረሻው ግን ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነበር።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ የመኪናዋ ጎኖች ድመት የቧጨራቸው ይመስሉ ነበር። አባቴ አጠባት፣ በጣቱ መስመሮቹን ተከተላቸው፣ አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። አቡጀዲውን እናቴ በርበሬ ማስጫ አደረገችው። ኋላ ላይ ቮልሷ የበርበሬ ጆንያ ትጭን ጀመር፤ አባቴ ከቡሬ እስከ ቤት እያስነጠሰ ይነዳል፣ እናቴ አጠገቡ ሆና ትሥቅበታለች። መለዋወጫ ሲጠፋ ለአንድ ሰው ሸጧት። አባቴም መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ብዙም ሳይታመም፣ ቤቱ ውስጥ ዐረፈ።

ዛሬ እኔ አባቴ ያን ጊዜ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ስለ እሱ ሳስብ ቁጣው የለብኝም፤ የሚያንገበግበኝ ባዶ እጁን ቢመጣ በቂያችን እንደነበረ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። ቴምሩን በማንኪያ ስንገምስ እኛም ና ብለን አልላክንበትም፤ እሱም አልጠየቀም።

እናቴ አለች፤ አርጅታለች እንጂ ጆሮዋም አፏም እንደ ድሮው ነው። ሰሞኑን አጠገቧ ተቀምጬ ለዓመታት ያልደፈርኩትን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ አባባን ይቅር ያልሽው ያን ቀን ነው?»

ወደ እኔ ዞረች።

«ይቅር ማለቱ አልከበደኝም» አለች። «የከበደኝ መልመዱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አጠገቤ ሰው ሲተነፍስ ስሰማ እየባነንኩ እነሣ ነበር። ቆይቼ ለመድኩት።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። «አሁን የሚያባንነኝ ዝምታው ነው።»