ከእርግዝና በፊት የሚዋጥ ክኒን

በእኛ አገር እርግዝና አይወራም። ሆድ ራሱ እስኪናገር ድረስ ዝም ነው። የወር አበባዬ ገና እንደቀረ አማቴ ነገሩን ከፊቴ ላይ አንብበው፣ «ለእናትሽም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ የሰው ዓይን ክፉ ነው» አሉኝ። እኔም ጋቢዬን ደርቤ ከረምኩ። መንደራችን ሮብ ገበያ ደጋ ነው፣ ብርዱ ሰበብ ይሆናል፤ ለምን ደረብሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት በአምስተኛው ወር፣ መደበቁ ሲያቅተኝ ነው። ነርሷ ደም የሚሞላውን ቀይ ክኒን ሰጠችኝ፤ ለጽንሱም የሚሆን ቫይታሚን አብሮ እንዳለበት ነገረችኝ። ጎረቤቴ ሆድ ያደርቃል ብላ የሷን ወደ ጓሮ ስትወረውር እኔ አንድም ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ። ከምበላው ድንችና ገብስ ይልቅ እሱን አመንኩ።

ቆይተው ለምርመራ ደብረ ማርቆስ ላኩኝ። ባለቤቴም አብሮኝ መጣ። አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሐኪም ልጅ እግር ነበር፤ ደጋግሞ አየ። በኋላ የልጃችን የጀርባ አጥንት እንዳልገጠመ ነገረን።

«ሳልውጥ የቀረሁበት ቀን የለም እኮ ዶክተር!» አልኩት።

«ክኒኑ ውስጥ ያለው ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲዱ፣ ዋና ሥራው ከመፀነስ በፊትና በመጀመሪያው ወር ነው እህቴ። ጀርባው የሚገጥመው ያኔ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ከዚያ ወዲህ የዋጥሽው ደምሽን ይጠቅማል እንጂ ያንን አይመልሰውም።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። በገንኩ። በሠርጌ ሰሞን ያልመከረኝ ማን አለ? ስለ ቅቤ አነጣጠሩ፣ ስለ እንግዳ አቀባበሉ፣ ባል ሲቆጣ ዝም ስለማለቱ። ስለዚህች ሚጢጢ ክኒን ግን አንድም አፍ አልተከፈተም።

«አስቀድሜ ብውጠው ኖሮ ጀርባው ይገጥም ነበር?»

«እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ብዙውን ጊዜ ይከላከላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ይበላኛል። ቁርጡን ቢነግረኝ ወይ አልቅሼ ይወጣልኝ፣ ወይ የምረግመው አገኝ ነበር።

ልጄ ተወለደ፤ ወንድ። የንስሐ አባታችን አርባ ቀኑን ሳይጠብቁ አጠመቁት። መቸኮላቸውን ሳይ ገባኝ። በማግስቱ ሞተ። አማቴ «እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» አሉኝ፤ ሌላ የሚለው ቃል ጆሮዬን አቃጠለው።

አሁን ክኒኑ አስቀድሞ ታዞልኛል። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ሴት መጠኑ ከሌላው እንደሚበልጥ፣ ሳትፀንስም መጀመር እንዳለባት አስረድተውኛል። እንግዲህ አውቄያለሁ። በየጠዋቱ እውጣለሁ። ባለቤቴ ውኃውን ራሱ ቀድቶ ያቀብለኛል፤ ደግ ሰው ነው። ሲመሽ ግን ለብቻው መደቡ ላይ ያነጥፋል። ልጃችንን በእጁ ከቀበረ ወዲህ አልነካኝም።