ፊደሉን አርሜ ውሸቱን ተውሁት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሽማግሌዎቻችን ጊዜ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ልመሰክር ቆሜአለሁ፤ የምመሰክረው ግን በራሴ ላይ ነው። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ያነሣችሁትን ስልክ ሁሉ ዝቅ አድርጉ። በመስኮቱ በኩል የቆምኸው፣ አንተንም ጭምር ማለቴ ነው። እስክታስገቡት እጠብቃለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማሪ ነበርሁና መጠበቅ እችልበታለሁ።

እሺ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በንጉሡ ዘመን ከሶዶ ተነሥተው ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ጥቂቶች አንዱ ነበርሁ። የአማርኛን ሰዋስው ተምሬ ተመለስሁና የእናንተን፣ የአንዳንዶቻችሁንም ወላጆች ደብተር በቀይ ቀለም አረምሁ። እግዚአብሔርን ግን አላመንሁም። ባለቤቴ አበበች በየእሑዱ ወደዚህ ስትመጣ እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከዚህ የድምፅ ማጉያ የሚመጣውን ስብከት እያዳመጥሁ የሰባኪውን የአማርኛ ስሕተት እለቅም ነበር። ምሳ ላይ ቈጥሬ እነግራታለሁ። እርሷም «የመስከረም አባት፣ ከስሕተቱ ሌላ የሰማኸው የለም?» ትለኝ ነበር። አልነበረም።

የስኳር በሽታ ከያዘኝ ዓመታት ሆነውኛል። ከሦስት ዓመት በፊት እግሬ ቈስሎ ሆስፒታል ተኛሁ። የዚህች ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በየቀኑ እየመጡ ጸለዩልኝ። አንዱን በወላይትኛ፣ ሌላውን በአማርኛ ሰደብሁ፤ በማግስቱ ሁለቱም ተመልሰው መጡ። ቍስሉ ደረቀ። የእኔም ልብ ጥቂት ለዘብ አለ፤ ከዚያ በላይ እንዳይመስላችሁ። ከሆስፒታል ወጥቼ በዚሁ መድረክ ላይ እንድመሰክር ተጠየቅሁ።

ካሌብ የሚባለውን ወጣት ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ሰሞን ምስክርነት እየቀረጸ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ያወጣ ነበር። ከአገልግሎቱ በፊት በር ላይ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ በአማርኛ ይሁንልን» አለኝ።

«ጉባኤው ወላይታ ነው፤ ለምን በአማርኛ?»

«በወላይትኛ ከሆነ እዚሁ ይቀራል። በአማርኛ ከሆነ አገር ያየዋል።»

አገር እንዲያየኝ ፈለግሁ። ኃጢአቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ጻፉልኝ።

በእናቶቻችን ቋንቋ ነፍስ ለምትድንበትና ሥጋ ለሚድንበት ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉን፤ የሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ አያምታታቸውም። አማርኛ ግን ለሁለቱም «ዳነ» ይላል። ይህን በክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ለፈተናም አውጥቼዋለሁ። በዚያ እሑድ ማይክሮፎኑን ይዤ «ድኛለሁ» አልሁ። ነፍሴን ማለቴ ነበር። ከዚያ በፊት «ቍስሌ ደርቋል፤ የስኳር መርፌዬን ግን ዛሬም እወስዳለሁ» ብዬ ነበር፤ እርሱን ካሌብ ቈርጦ ጣለው። ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ንግግር ሦስት ደቂቃ አስቀረ፤ በሦስቱም ውስጥ «ድኛለሁ» አለበት። ርእሱም እንዲህ ይል ነበር፦ «ሀኪሞችን ያስደነገጠ ፈውስ፤ የሶዶው አንጋፋ መምህር ከስኳር በሽታ ዳኑ»።

የትኛው ሐኪም ነው የደነገጠው? እኔን የምታክመኝ አንዲት ሐኪም ናት። እርሷም በዚያው ሳምንት ያለችኝ «አባባ፣ መርፌውን እንዳያቋርጡ» ብቻ ነው፤ ስትናገር እያዛጋች ነበር።

ቪዲዮውን እንዳየሁ ለካሌብ ደወልሁለት። ምን ልለው የደወልሁ ይመስላችኋል? «ሐኪም የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው እንጂ በሃሌታው ሀ አይደለም፤ በስሜ እንዲህ ያለ ነገር አታውጣ» አልሁት። «ይቅርታ ጋሼ፣ አሁኑኑ» ብሎ አስተካከለው። ወገኖቼ፣ ፊደሉን አረምሁ፤ ውሸቱን ተውሁት። ጠፍቶኝ አልነበረም። ዕድሜዬን በሙሉ የግስ ፍቺ ስመረምር የኖርሁ ሰው ነኝ።

የዝምታዬን ዋጋ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እቀበል ጀመር። ሚኒባስ ውስጥ ስገባ «የዳኑት ጋሼ ናቸው» እያሉ ከፊት ያስቀምጡኛል። በቀበሌያችን የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ስለ ጽዳት ዘመቻ መናገሩን አቁሞ «እስቲ ጋሼ ይመርቁን» አለ። ከቦምቤ ድረስ ሰዎች እየመጡ እጄን ይጨብጡ ነበር። ስንት ሰው እንዳየኝ ለማወቅ በየቀኑ አንድ የማያውቀኝን ወጣት በመንገድ አስቁሜ ስልኩን እስከ መጠየቅ ደረስሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁ ሽማግሌ፣ ላይክ ቈጣሪ ሆንሁ።

የኢንሱሊኑን ብልቃጥ እንዲቀዘቅዝ በእርጥብ አሸዋ፣ በማሰሮ ውስጥ ሳሎን አኖረው ነበር። ጎብኚ ሲበዛ ማሰሮውን አንሥቼ ጓዳ፣ ከአልጋ ሥር አስገባሁት። አበበች በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ከማን ነው የምትደብቀው?»

«ሳሎኑ ይሞቃል።»

«ሳሎኑ ዐሥር ዓመት ሙሉ አልሞቀም፤ አሁን ሞቀ?» ብላ ሄደች። ተቈጣሁ። ውሸታም ሰው ሲደረስበት ይቈጣል።

አንድ ኀሙስ ጠዋት ጴጥሮስ የሚባል የማላውቀው ሰው በሬን አንኳኳ። ተበላ ከምትባለው ከተማ ነው የመጣው። ሰላምታ አልሰጠኝም።

«እርስዎ ነዎት የዳኑት?»

«ምን ልርዳህ፣ ልጄ?»

«ባለቤቴ ታደለች ትባላለች፤ አስተምረዋታል። ስኳር አለባት። መርፌዋን ከጣለች ወር አለፋት። ራሷን ስታ ሆስፒታል አመጣናት፤ እግሯም ቈስሏል። አሁን ነቅታለች፣ ግን መርፌ አልወጋም ብላለች። ‹ቲቸር ያለ መርፌ ነው የሚኖሩት፣ እሳቸውን አምጡልኝ› ትላለች።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርስዎ ካሏት ትሰማለች። ሐኪሟ ሁለት ቀን አትቆይም ብላናለች» አለኝ።

አብሬው ሄድሁ። በመንገድ ላይ ቪዲዮውን ከየት እንዳገኘችው ጠየቅሁት። ተበላ ገበያ ላይ መዝሙርና ፊልም በሜሞሪ የሚጭን ሱቅ አለ፤ እዚያ ከመዝሙር ጋር አስጭናው ነው። ኢንተርኔት ተጠቅማ አታውቅም።

ሐኪሟ ያችው የእኔዋ ነበረች። ኮሪደር ላይ አስቆመችኝና «አባባ፣ ስብከት አያስፈልጋትም። እርስዎ መርፌ ይወጋሉ፤ ይኸን ብቻ ይንገሯት» አለችኝ። ፊቴን አላየችም። እኔም ፊቷን አላየሁም።

ታደለች ስታየኝ ፈገግ አለች። አስታወስኋት፤ ከፊት ትቀመጥ የነበረች፣ ጽሑፏ ንጹሕ የሆነ ልጅ ነበረች።

«ቲቸር መጡልኝ። በሉ ለእነዚህ ይንገሩልኝ፤ አስቸገሩኝ።»

«ታደለች፣ እኔ ከስኳር አልዳንሁም» አልሁ።

ከትራስዋ ሥር ስልኳን አወጣች። አበራችው። ሦስቱንም ደቂቃ እዚያ ቆሜ ራሴን ሰማሁ።

«ይኼ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይኼኛው ድኛለሁ ይላል። እርስዎ አልዳንኩም ይላሉ። አንዳችሁ ይዋሻል።»

እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ማስተማር ጀመርሁ። «ዳነ የሚለው ግስ ሁለት ፍቺ አለው» ብዬ ጀመርሁ።

«ቲቸር፣ ፈተናው ዛሬ አይደለም» አለች። «መርፌ ይወጋሉ ወይስ አይወጉም?»

«እወጋለሁ።»

«ያን ጊዜስ? ይኼ ሲቀረጽ?»

«ያን ጊዜም።»

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን ጠዋት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት።»

ጴጥሮስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በዕድሜዬ ሙሉ ያስተማርኋቸው ሁሉ ያልጠየቁኝን ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

መልሱን አውቀው ነበር። «ሰው ሲያውቀኝ ደስ ብሎኝ ነው» አልሁ።

«እኔ ልሞት ነበር እኮ» አለች፤ ሳትጮኽ።

ሐኪሟን መርፌ ለመንሁ። እጀ ጠባቤን ገልጬ በታደለች ፊት ራሴን ወጋሁ። መጀመሪያ ሳትሁ፤ ሁለተኛ ወጋሁ። አየችኝ። ከዚያ ክንዷን ለሐኪሟ ዘረጋች፤ ፊቷን ግን ከእኔ አዞረች። ነፍሷ ተረፈች፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በሳምንቱ ከቀኝ እግሯ ሁለት ጣቶች ተቈረጡ። ይህን «ሃሌሉያ» ለማለት ለተቻኰላችሁት ነው የምነግራችሁ፤ ጣቶቿን ማንም አልቀረጻቸውም።

እኔም ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በፊታችሁ «ድኛለሁ» ስል በሥጋም በነፍስም አልዳንሁም ነበር፤ ጭብጨባችሁ አስደስቶኝ ነበር እንጂ። በዚያ ወለል ላይ ግን አንድም የተመረጠ ቃል አልነበረኝም። በእናቴ ቋንቋ «ጌታ ሆይ፣ ውሸታም ነኝ፤ ማረኝ» አልሁ። ማረኝ። ክብር ለእርሱ ይሁን፣ በእውነት ማረኝ።

ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ካሌብ ሄድሁ። ሁሉን ነገርሁት። ደነገጠ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ነገር ግን ደቂቃ ሳይቆይ ዓይኑ በራ።

«ጋሼ፣ ማስተካከያ እንሥራ። ‹መምህሩ አስደንጋጩን እውነት አፈረጡት› ብለን። ከበፊቱም በላይ ይታያል።»

«ታደለችንስ?»

«እሷንም እንቀርጻለን። እግሯን ካሳየች...»

በትር ይዤ ነበር። አላነሣሁትም፤ ለዚህም ጸጋ አመሰግናለሁ። «አጥፋው» አልሁት። «ገጹን በእግሩ ያቆመው ያ ቪዲዮ ነው» ብሎ ተለማመጠኝ፤ ቆሜ ጠበቅሁት፤ አጠፋው። ገጹን ይከታተል የነበረው ሕዝብ በወሩ ሌላ ተአምር ወዳለበት ተሻገረ፤ ያን ያህል ሺህ ሰው አንድም ቀን «ያ ሽማግሌ እንዴት ሆነ?» ብሎ አልጠየቀም። ሜሞሪው ላይ ያለው ግን አልጠፋም። ተበላ ወዳለው ሱቅ ሄጄ እንዲያጠፋው ስለምነው ባለሱቁ አላወቀኝም፤ «አባት፣ እሱን ካጠፋሁ ሰው ምን ሊያስጭን ይመጣል?» አለኝ። መርፌዬን አውጥቼ በሱቁ በር፣ በገበያተኛው ፊት ወጋሁ። ያን ጊዜ አጠፋው። በቦምቤም በሃላሌም እንዲሁ አደረግሁ። አንዳንዱ «እብድ ነው» አለኝ። በስልኩ ሊቀርጸኝ የሞከረም ነበረ።

ተቈጥቻለሁ፣ ወንድሞቼ። በራሴ አስቀድሜ፣ ከዚያ በካሌብ፣ ከዚያም በእናንተ። ሰው በመከራው ሲጸልይ ስልክ የምታነሡ፣ ውጤቱን ሳትጠብቁ «ተፈወሰ» ብላችሁ የምታሰራጩ፣ እናንተን ማለቴ ነው። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ፤ እኔንም ነገ ሊፈውሰኝ ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሟ መርምራ ትናገር። ለክብሩ የእኛ ውሸት አያስፈልገውም።

ስለ መርፌዬ አመሰግነዋለሁ። በውሸቴ ላይ እንዳልተኛ ስለምታደርገኝ ሚስቴ፣ እያዛጋችም ቢሆን እውነቱን ስለ ነገረችኝ ሐኪም አመሰግነዋለሁ። ከሁሉም በላይ ስለ ማረኝ አመሰግነዋለሁ፤ እኔን የማረ አምላክ ማንንም ይምራልና በእርሱ ታመኑ። አፍራችሁ አትደበቁ።

ከመካከላችሁ በእኔ ምክንያት መድኃኒቱን የተወ ካለ፣ አሁን እጁን እንዲያነሣ አልጠይቅም። ማክሰኞ ጠዋት የስኳር ሕመምተኞች የሚታዩበት ቀን ነው፤ በሆስፒታሉ በር እቆማለሁ፤ አብሬያችሁ እገባለሁ። ታደለችም ትመጣለች። እስካሁን ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እንድትል አላስቸግራትም። በዱላ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ወደ ውስጥ ስንገባ ማንም እንዳይቀድማት።