በክረምት የተዘጋ ጊታር

ጊታር በክረምት አይዘጋም። ጋሽ ለገሠ ይህን ሕግ የተቀበሉት ገና ጢም ሳያበቅሉ፣ ሥራውን ካስተማሯቸው አርመናዊ አናጢ ነው። ሰውየው በተሰባበረ አማርኛቸው፣ "ሐረር በክረምት እንጨቱን በእርጥበት ታጠግበዋለች፤ ድሬዳዋ በሙቀት ታከሳዋለች። ጠግቦ የታሰረ ሲከሳ ይቀደዳል" ይሉ ነበር። ጋሽ ለገሠም ዕድሜ ልካቸውን ሐምሌ ሲገባ ክር ይቀይራሉ፣ የተሰበረ አንገት ይጠግናሉ፣ ወንበር ያድሳሉ እንጂ የጊታር ፊትና ጀርባ አጣብቀው አያውቁም።

ዘንድሮ ግን ሸዋ በር አጠገብ ያለው የሱቆች ረድፍ መንገድ ሊሰፋበት ነውና፣ ነሐሴ ሳያልቅ ልቀቁ ተባለ። ጋሽ ለገሠ ባለቤታቸው ብርነሽ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ድሬዳዋ ያገባችው ልጃቸው ገሊላ ወሬውን እንደ ሰማች ደወለች።

"አባዬ፣ አንድ ክፍል አስለቅቄልሃለሁ። ከእንግዲህ እዚያ ምን ቀረህ?"

የቀራቸው ነገር ነበር። ከሱቁ ቆጥ ላይ፣ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ ለራሳቸው ጊታር ብለው ያስቀመጡት እንጨት ነበር። በወጣትነታቸው ዘመን ሐረር ሙዚቃ የሞላባት ከተማ ነበረች፤ መኮንኑም፣ መምህሩም፣ ተማሪውም ጊታሩን አንጠልጥሎ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። ለራሳቸው የጀመሩትን ሁሉ አንዱ ለሠርግ ይለምናቸዋል፤ አንዱ ከመዛወሩ በፊት ይድረስልኝ ይላል፤ እሳቸውም እንቢ ማለት አያውቁም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ እስከ ሽምግልና ድረስ የሌላውን ጊታር እየሞከሩ ኖሩ።

እንጨቱን አወረዱት። ለፊቱ የሚሆነው ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተገኘ የዝግባ ሳንቃ ነው፤ ጭረቱ ለዳዊት እንደ ተሰመረ ብራና ቀጥ ያለ፣ በጣት ሲንኳኳ ረጅም ድምፅ የሚሰጥ። ለጀርባው፣ ለጎኑና ለአንገቱ ዋንዛ አለ። ጣት ለሚመላለስበት ደግሞ ጥፍር የማይበላው ወይራ። ክሮቹ የሚያርፉበትን አጥንት ከግመል ሥጋ ሻጭ ለምነው አመጡ። እዚህ ካልሠሩት የትም እንደማይሠሩት ገብቷቸዋል፤ ድሬዳዋ ያለው ክፍል አልጋ ይችላል እንጂ የአናጢ ጠረጴዛ አይችልም።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አንዋር በበሩ ብቅ አለ። አብሮ አደጋቸው ነው፤ በግንብ በተከበበችው ጁገል ውስጥ የተወለደ ሐረሪ፣ በነገር መውጋት የሚወድ።

"ያ ለገሠ! የክረምቱን ሕግ ማን ሻረው?"

"ግሬደሩ።"

"እንግዲያው ይግባኝ የለውም" አለና ወደ ሱቁ ተመልሶ የካውያውን ከሰል ከነምድጃው ተሸክሞ መጣ። "እኔ ሱሪ አደርቅበታለሁ፤ አንተ እንጨትህን አድርቅበት። ደግሞ ሁለት ሽማግሌ በከሰል ጢስ ሞተው ተገኙ እንዳንባል፣ በሩን ገርበብ አድርገው።"

ጋሽ ለገሠ የዋንዛውን ስስ ሳንቃ በውኃ እያራሱ በጋለ የብረት ቧንቧ ላይ አጎበጡት። ሲቸኩሉበት ይሰበራል፤ ሲፈሩት ይቃጠላል። የዝግባውን ፊት በመላጊያ አሳሱት፤ እየላጉ ያንኳኩታል፣ እያንኳኩ ይልጉታል። ከውስጥ የሚደግፉትን አግዳሚዎች አንድ በአንድ ለጠፉ። ፍልሰታ ገብቶ ነበርና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ከምድጃው ላይ ግን የቆዳ ሙጫ ይንተከተካል።

"ጾም ይዘህ ቆዳ ትቀቅላለህ?" አለ አንዋር አፍንጫውን ይዞ።

"አልበላሁት! ይልቅ ና፣ ያዝልኝ።"

ጀርባው የተዘጋ ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። የጋሽ ለገሠ እጅ ይንቀጠቀጣልና አንዋር ጠርዙን ይዞ፣ እሳቸው ሞርሳውን አጠበቁ። በመጀመሪያው ተንሸራተተባቸው፤ ሙጫው ሳይረጋ ደግመው ያዙት። ከዚያ በኋላ የጊታርን ሆድ ከውስጥ የሚያይ የለም። እንጨቱን ሲዳስሱት ቀዝቀዝ አላቸው። ደረቅ እንጨት እንዲህ አይቀዘቅዝም። እርጥበት መያዙን ለአንዋር አልነገሩትም።

ማብለጫውን ጎማላካ ቀብተው፣ አድርቀው፣ ክር ሲያስሩበት ነሐሴ ሊያልቅ ተቃርቧል። መጀመሪያ ወፍራሙን ክር በአውራ ጣታቸው ነኩት። ድምፁ ዝግ ብሎ ወጣ፤ ሞላና ቆየ። ከዚያ በልጅነታቸው ሰፈሩ ሁሉ ያዜመው የነበረውን አንድ ትዝታ ጀመሩ። በግድግዳው ማዶ የአንዋር የስፌት መኪና ቆመ። አንዋር ጨርቁን በትከሻው እንዳደረገ መጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ።

"የኔ ነው" አሉ ጋሽ ለገሠ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

በማግስቱ ሰማዩ ተከፈተ፤ ሁለት ቀን ደረቅ ፀሐይ ወጣ። የጊታር ጀርባ እንደ እጅ ጀርባ ጎበጥ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ማስመሪያ ሲጋደምበት በሁለቱ ዳር ብርሃን ይታያል። ጋሽ ለገሠ ማስመሪያውን አጋደሙበት። ከዳር እስከ ዳር ተኛ። አዙረው አጋደሙት፤ ያው ነው። ጉብታው ጠፍቷል። የሐረር የሁለት ቀን ፀሐይ ይህን ካደረገ የድሬዳዋ ሙቀት አንድ ሳምንት አይሰጠውም፤ ጀርባው ይከሳል፣ አግዳሚዎቹ አይከሱም፣ በመካከሉ ይቀደዳል።

"ፍታው እንጂ! በጥቅምት መልሰህ ትዘጋዋለህ" አለ አንዋር።

"የት ላይ?"

አንዋር ዘወር ብሎ አየ። የአናጢው ጠረጴዛ እግሮቹ ወልቀው ግድግዳ ተደግፏል፤ ገዢው ሊወስደው ቀጥሯል።

ገሊላ ዓርብ ጠዋት መጣች። ዕቃውን እየቋጠረች ጊታሩን አየችና ፊቷ በራ።

"ለራስህ ሠራህ? በመጨረሻ! አሁን ማታ ማታ ትጫወትልናለህ።"

"አይወርድም።"

"ምን ማለት ነው አይወርድም? እኔ አቅፌው እሄዳለሁ። ቬንትሌተርም አለን፣ ቀኑን ሙሉ እናበራለታለን።"

"ነፋሱ ይብሱን ያደርቀዋል፣ ልጄ።"

"ቢሰነጠቅስ ትጠግነው የለም እንዴ? የሰውን ሁሉ ስትጠግን አልኖርክም?"

የሰውን ሲጠግኑ ጠረጴዛ ነበራቸው፤ እጃቸውም እንዲህ አልነበረም።

ጊታሩን አንዋር ቤት በአደራ ሊተዉት ይዘው ከእሱ ጋር በሸዋ በር ወደ ጁገል ገቡ፤ ገሊላ ተከተለቻቸው። የአንዋር ቤት ግድግዳ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ነው፤ ክረምትና በጋ እዚያ ውስጥ እምብዛም አይለያዩም። ባለቤቱ ሐዋ ነገሩን ቀድማ ሰምታ፣ ሰሃኖችና ስፌቶች ከተደረደሩበት ግድግዳ ላይ ቦታ አዘጋጅታ ነበር።

"አሕለን ጋሽ ለገሠ፣ ይግቡ። ከእናቴ ሰሃን ጎን ይሰቀላል። ወላሂ፣ አንድም ልጅ እንዲነካው አልፈቅድም።"

ቢነኩትስ ምናለ ሊሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። የማይነካ ጊታር ድምፁ እያነሰ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ግን መምታት የማያውቁ ልጆች አውርደው ፀሐይ ላይ ቢተዉትስ? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ።

"የአንድ ሰዓት መንገድ ነው እኮ። እየመጣህ ትመታዋለህ" አለ አንዋር።

"ኢንሻአላህ በል እንጂ!" አሉት ጋሽ ለገሠ።

"ኢንሻአላህ" አለ አንዋር፤ ሳቅ ግን አልመጣላቸውም። ሁለቱም የየራሳቸውን ጉልበት ያውቃሉ።

ጋሽ ለገሠ ነደባ በሚሉት ቀይ መደብ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ክሩ ተወጥሮ የሚሰቀል ጊታር ፊቱ ይጎብጣልና፣ መላላት አለበት። ከቀጭኑ ጀመሩ። ቁልፉን ባጠማዘዙት ቁጥር ድምፁ እየወረደ፣ እየደፈረሰ ሄደ። ገሊላ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ "አባዬ" አለች ቀስ ብላ። ቀጣዩን ቁልፍ ያዙ። ወፍራሙ ክር ዘንድ ሲደርሱ በአውራ ጣታቸው አንዴ ነኩትና እስኪጠፋ ጠበቁት። ከዚያ የእሱንም ውጥረት ለቀቁት።

ሐዋ ተቀብላ ሰቀለችው። ጋሽ ለገሠ የበሩ ደፍ ላይ ጎንበስ ብለው ሲገቡ ያወለቁትን ጫማቸውን ፈለጉ፤ አንዋር በእግሩ ገፋ አድርጎ አቀረበላቸው።