ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች

ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ በስተጀርባ፣ ከእንጨት ሥራ ክፍሉ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል የክብሪት ናት። ክብሪት ያሏት ተማሪዎቹ ናቸው፤ አንዴ ከተጫረች ቶሎ ትነዳለችና። እሷም ስሙን ትሰማለች፣ እንዳልሰማ ሆና ታልፋለች።

ሥራዋ የዳሰሳ ሰሌዳ ነው። ሌላው ልጅ በመጽሐፍ የሚያየውን ሥዕል እሷ በጭቃ ታበጀዋለች፤ ጭቃው ላይ ጀሶ ታፈስና ቅርጽ ማውጫ ትሠራለች፤ ከቅርጽ ማውጫው ደግሞ የተፈለገውን ያህል ቅጂ ታወጣለች። የልብ ክፍሎች፣ የቅጠል ጅማት፣ የእሳተ ገሞራ ሆድ፣ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ፣ ሁሉም ከእጇ ወጥተው በልጆች ጣት ተፍቀው አልቀዋል። ሙያውን የተማረችው ሳሎን ጣሪያ ላይ የሚለጠፍ የጀሶ አበባ ስትሠራ ነው። የጣሪያ አበባ ትንሽ ቢጣመም ማን አንጋጦ ይለካዋል? እዚህ ግን አንዲት ጉብታ ያለ ቦታዋ ከተቀመጠች አንድ ክፍል ልጅ በሙሉ ያንን እውነት ብሎ ይዞ ያድጋል። ከንዴቷ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። ቀሪው ግማሽ አብሯት የተወለደ ነው፤ እናቷም አይክዱም።

ያን ሳምንት ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋው ማርስ ነበር። በማርስ ዙሪያ የምትዞር መንኮራኩር ላይ ያለ ካሜራ ካነሳቸው ፎቶዎች አንዱ ተመርጦ ሰሌዳ እንዲሠራለት ታዘዘ። ቅጂው በአገሩ ላሉት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይላካል። ዓርብ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ፤ ዳይሬክተሩ የመጀመሪያውን ቅጂ በፎቶግራፍ አንሺ ፊት ያስረክባል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ጀሶው መፍሰስ አለበት። አንዴ ከፈሰሰና ቅጂው በየትምህርት ቤቱ ከተበተነ ደግሞ፣ ሞኝ የተከለውን አምሳ ሊቃውንት አይነቅሉትም።

ሐሙስ ጠዋት ለጀሶው ውሃ እየቀዳች ሳለ የጂኦግራፊ መምህሩ በትራቸውን እያንኳኩ ገቡ። እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው። የትኛውም ሰሌዳ ጀሶ ሳይፈስበት በጣታቸው ማለፍ አለበት።

«እስቲ ማርስሽን አሳዪኝ» አሉ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።

«ጋሼ፣ ቶሎ በሉልኝ። ዳይሬክተሩ ሁለቴ መጥቶ ሄዷል።»

«ይመላለስ፤ ለጉልበቱ ጥሩ ነው።»

ጣታቸው ጭቃው ላይ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮረብታ።»

«ይሄስ?»

«እሱም ኮረብታ።»

«እሺ። ኮረብታው ሁሉ ለምንድን ነው ዙሪያውን ቦይ የታጠቀው?»

«ፎቶው ላይ እንደዚያ ነው።»

«ማርስ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ የተበሳሳች ናት እያልኩ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው። እዚህ ላይ አንድ ጉድጓድ አላገኘሁም። አንድ! የት ሄዱ?»

«እኔ አልደበቅኳቸው! ያየሁትን ነው የሠራሁት!»

«ስትጮኺ ጉድጓድ ይወጣል እንዴ?» አሉ መምህሩ፣ ጣታቸውን ሳያነሱ። «ፎቶው ሲነሳ ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች?»

ክብሪት ወደ ፎቶው ዞረች። ሳምንቱን ሙሉ ብርሃንና ጥላ እየተከተለች ጭቃ ስታበጅ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

«ከፎቶው ሥር የተጻፈ ነገር የለም?»

«የለም። ወንድሜ የሰጠኝ ፎቶውን ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ወንድምሽን ጠይቂው። ጀሶው ይቆይ።»

ውሃውን ደፋችው። ከግቢው እስክትወጣ የተናደደችው በመምህሩ ነበር፤ መንገዱን ስትሻገር በራሷ፤ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ግን ንዴቷ ሁሉ ተሰብስቦ ባለቤቱን አግኝቶ ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ከትልቁ ማተሚያ ማሽን አጠገብ፣ በወረቀት ቁርጥራጭ መሃል ተቀምጦ ቁርሱን ይበላል። ፖስተርና ማስታወቂያ ማቀናበር ነው ሥራው፤ ለዓርቡ ዝግጅት የማርስን ፖስተር ያሰናዳውም እሱ ነው። እሷ ናት አዝላ ያሳደገችው፤ ስለዚህ እንዳሻት ትጮኽበታለች፣ እሱም እንዳሻው ያሾፍባታል።

«እትዬ! ምነው፣ በደህና?»

«ደህና ብሆን አንተ ጋ ምን ያመጣኛል! ያንን የማርስ ፎቶ ምን አደረግከው?»

«አሳመርኩታ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«ጥቁሩ ገደል ከላይ ሆኖ አናት ላይ የሚወድቅ ይመስል ነበር። ግማሽ ዙር አዙሬ ገልብጬ ከታች አደረግኩት፤ ተደላደለ። ለርዕሱም ቦታ ተገኘ።»

«ከሥሩ የነበረውስ ጽሑፍ?»

«ቆረጥኩት። ቁጥር እኮ ነው እትዬ፣ ዲግሪ ምናምን። ማን ያነበዋል?»

«እኔ!»

«አንቺ? የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን እንኳ ፋርማሲስቷ ናት የምታነብልሽ።»

«ክፈተው ብዬሃለሁ! ከነሙሉ ጭራው!»

ሰሃኑን ገፋ አድርጎ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፎቶው ከወጣበት ድረ ገጽ ላይ ከሥሩ አንድ ሰንጠረዥ ነበረ፤ ቃላቱን የሚያብራራ ሌላ ገጽም አለ፣ በባዕድ ቋንቋ። እሱ በስልኩ መዝገበ ቃላት እየታገዘ ያነባል፣ እሷ ከጀርባው ቆማ ትጨቀጭቃለች።

«‹የፒክስል መጠን፣ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር።› ፎቶው ላይ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ መሬት ላይ ግማሽ ሜትር ትሸፍናለች ማለት ነው።»

«ገባኝ። ቀጥል።»

«‹የካሜራው ማዘንበል፣ አራት ዲግሪ።› ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከማየት ምን ያህል ዘመመ ነው። አራት ምንም ማለት አይደለም፤ ልክ ከአናቱ ላይ ሆኖ ነው ያነሳው።»

«ለዚህ ነው ጎኑ የማይታየው። ቀጥል!»

«‹የፀሐይ መውደቂያ ማዕዘን፣ ስልሳ ሁለት።› ፀሐይዋ አናት ላይ ብትሆን ዜሮ ይሆን ነበር። ዘጠና ከሆነ አድማስ ላይ ናት።»

«ስለዚህ ወደ መግቢያዋ ተጠግታለች። ጥላ ይረዝማል።»

«ወይ ገና መውጣቷ ነው። ‹በፀሐይና በካሜራ መካከል ያለ ማዕዘን›…»

«እሱ ምን ያደርግልናል?»

«ለእኛ? ምንም።»

«እንግዲያው ምን ታነብልኛለህ! አቅጣጫዋን ንገረኝ፣ በየት በኩል እንደነበረች!»

«ያውልሽ። ‹የፀሐይ አቅጣጫ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ።› ከፎቶው መሃል ወደ ቀኝ ጠርዝ መስመር ታሰምሪያለሽ፤ ከዚያ እንደ ሰዓት እጅ እየዞርሽ ትቆጥሪያለሽ።»

በጣቷ አየር ላይ ዞረች። ታች ዘጠና፣ ግራ መቶ ሰማንያ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሃምሳ። ከላይ፣ በግራ በኩል። ወንድሟ ካተመላት ፎቶ ላይ ግን ብርሃኑ ከታች፣ ከቀኝ ነው የሚመጣው፤ ፎቶውን ሲገለብጥ ፀሐይዋንም አብሮ ገልብጧታል።

«ሳይገለበጥ አትምልኝ።»

አተመላት። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ክብሪት የምታየው ሌላ አገር ነበር፦ ኮረብታዎቿ ሁሉ ሰምጠው ጉድጓድ ሆነዋል፤ ቦይ ያለቻቸው የጉድጓዶቹ ከንፈሮች ነበሩ። ወረቀቱን ስታዞረው ጉድጓዱ አበጠ። መልሳ ስታዞረው ሰረጎደ።

«ወይ ጉድ!» አለ ወንድሟ። «የቱ ነው ታዲያ ትክክሉ?»

«ዓይኔን አልጠይቀውም፤ አንዴ ጉድ ሠርቶኛል።» የበላበትን ሰሃን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ የጠረጴዛውን መብራት በግራ በኩል ዝቅ አድርጋ አበራችበት። የሰሃኑ ጎድጓዳ ለመብራቱ ቅርብ በሆነው ጎኑ ጨለመ፣ ራቅ ባለው ጎኑ ደመቀ። ደፋችው፤ አሁን ደግሞ የደመቀው ለመብራቱ የቀረበው ሆነ። ከዚያ ወደ ፎቶው ዞረች። ፀሐይዋ ከላይ በግራ፤ የሁሉም ድምቀት ከታች በቀኝ፣ ከፀሐይዋ ራቅ ብሎ።

«ጉድጓድ ነው» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ሁሉም ጉድጓድ ነው። አንተ አሳመርከው፣ እኔ በእጄ አድልቤ ኮረብታ አደረግኩት።»

«እትዬ፣ አንድ ሌላም ነገር አለ» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። «ስለ ቀለሙ። ዓይን የማያየው ብርሃን በቀለም ተተክቶ የተሠራ ነው ይላል። ሰማያዊው ሰማያዊ አይደለም።»

«ዳይሬክተሩ እኮ ‹ሰማያዊው ሐይቅ› ብሎ ንግግር ጽፏል!»

«ይዋኝበታ!»

አልሳቀችም። ጆሮውን ይዛ ሰሃኑን ሳያጥብ ይዛው ሄደች።

ዳይሬክተሩ ክፍሏ ውስጥ ቆሞ ደረቁን ባልዲ እያየ ነበር። መምህሩም ወንበሯ ላይ ተቀምጠዋል። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ወንድሟ ሁለቱን ፎቶዎች ዘረጋ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ዳይሬክተሩ። «እንግዶቹ ነገ ነው የሚመጡት። ፖስተሩ ላይ የሚታየው ኮረብታ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውም ኮረብታ። ሁለቱ ተስማሙ። ማን ያውቃል?»

«እንግዶቹማ አያውቁም። ዓይን አላቸዋ! ዓይን የፈለገውን ያያል። ልጆቹ ግን ጣታቸው ጉብታ ካገኘ ጉብታ ነው፤ ወረቀት አዙረው አያርሙትም!»

ይሄኔ ወንድሟ ከመሬት ተነስቶ እጁን አጨበጨበ። «እትዬ! ጀሶው ጭቃው ላይ ሲፈስ ጉብታው ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል አይደል? ቅርጽ ማውጫውን ራሱን ሰሌዳ አድርጊዋ! ስህተቱ ራሱን አረመ!»

«እግዜር ይስጥህ!» አለ ዳይሬክተሩ። «አለቀ! አፍስሺ!»

ክብሪት ለቅጽበት ልቧ አብሯቸው ሄደ፤ የሳምንት ድካሟ እንዳይባክን ማን አይመኝም? ከዚያ የጎማ ጓንቷን ከመስኮቱ አንስታ ገለበጠችው፤ ውስጡን ወደ ውጭ። ለዳይሬክተሩ ወረወረችለት።

«ያጥልቁት። በቀኝ እጅዎ።»

«ይሄ የግራ ነው።»

«ሳልገለብጠው የቀኝ ነበር። ጭቃውም እንደዚሁ ነው፤ ጉብታው ጉድጓድ ይሆናል፣ ግራው ግን ቀኝ ይሆናል። ገደሉ በሌላ ጎን ይሄዳል። የብሬሉ ጽሑፍ ‹ወደ ቀኝ ሂድ› ሲለው ልጁ ባዶ ሜዳ ይዳስሳል።»

«ታዲያ ልጆቹ ማርስ ላይ መንገድ ይጠፋቸዋል? አይሄዱበት!»

መምህሩ በትራቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ። «እርስዎስ ይሄዱበታል? ለእርስዎ የሚሆን ትክክለኛ ፎቶ ግን አለ።»

«እኔ ይህን ሁሉ ክርክር አልፈልግም!» ዳይሬክተሩ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ትእዛዝ ነው። ዛሬ ይፈሳል፣ ነገ ይሰጣል። ስህተት ካለ ወደፊት ይታረማል።»

«ወደፊት! ሁሉም ትምህርት ቤት ከደረሰ በኋላ? እየዞሩ ሊሰበስቡት ነው?»

«አንቺ የታዘዝሽውን ትሠሪያለሽ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?»

ክብሪት ወደ ጭቃው ዞረች። ሁለቱንም መዳፎቿን በትልቁ ኮረብታ ላይ አሳርፋ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ጭቃው በጣቶቿ መሃል ፈልቆ ወጣ። ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ የቀጣዩን ቀጣይ። ዳይሬክተሩ «ኧረ!» ብሎ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ የሚፈስበት ነገር አልቀረም።

«አሁን ያፍስሱበት» አለችው።

ዓርብ እንግዶቹ መጡ። ዳይሬክተሩ በፖስተሩ ፊት ቆሞ ተናገረ፤ ሐይቁን ዘሎታል፣ ወንድሟ በስልክ ነግሮት። ሰሌዳው የት አለ ሲሉት የሚያደርገው ጠፍቶት ወደ ክፍሏ አመጣቸው። እስከ ክርኗ ጭቃ ውስጥ ነበረች። ያልተገለበጠው ፎቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ መብራቱ በፀሐይዋ በኩል፣ ከላይ በግራ ተሰቅሏል። ጭቃው ላይ የተጠናቀቀው አንድ ጥግ ብቻ ነው።

«መቼ ይደርሳል?» አለች አንዷ እንግዳ።

«ሲደርስ።»

እንግዳዋ ፈገግ አለች፤ ዳይሬክተሩ አላለም። ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀረና «አዋርደሽኛል። ይህ እንዲሁ አያልፍም» አላት።

«ይጻፉብኝ፣ ይክሰሱኝ። ይህን ሳልጨርስ ግን ከዚህ ክፍል አልወጣም። ብርሃኑን ደግሞ ይልቀቁልኝ፣ ቆመውበታል።»

በሩን ጓ! አድርጎ ወጣ። ክብሪት እየተሳደበች ቀጠለች። ጥልቀቱን ከጥላው ነበር የምታወጣው፦ ፀሐይዋ ስልሳ ሁለት ላይ ስትሆን ጥላው የጥልቀቱን እጥፍ ያህል ይረዝማልና፣ ፎቶው ላይ የጥላውን ርዝመት ትለካለች፣ ግማሹን ጭቃው ውስጥ ትቆፍራለች።

መምህሩ ከእንግዶቹ አምልጠው ተመለሱ። ጣታቸውን ትልቁ ጉድጓድ ውስጥ ከተቱ፣ ከንፈሩን ዞሩ፣ ወለሉን ነኩ።

«ይሄ አነሰ።»

«አላነሰም!»

«ከጎኑ ያለው ትንሹ ከእሱ ይጠልቃል። ትልቁ ድንጋይ አዝኖላት ነው ቀስ ብሎ የወደቀው?»

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ እርስዎ አይጀምሩኝ! ለክቼዋለሁ!»

«እንደገና ለኪው።»

ማስመሪያውን ነጥቃ ፎቶው ላይ ለጠፈችው። ጥላው እሷ ያቆመችበት ቦታ ላይ አያበቃም ነበር፤ ከጥቁሩ ገደል ጥላ ጋር ተቀላቅሎ ጫፉ ተሸሽጎባት ኖሯል። ለካች። እርም ብላ እንደገና ለካች። ከዚያ ማስመሪያውን ወርውራ መቆፈሪያዋን አነሳች፤ እያጉረመረመች ቆፈረች፣ ጭቃው እየተፈናጠረ የመምህሩ ኮት ላይ አረፈ፤ አልጠረገችላቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም።

«እንኩ!» አለች በመጨረሻ። «ይሂዱና ይስመጡበት!»

ጣታቸው እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ወለሉን ዳሰሰ።

«ቀጣዩን አምጪ» አሉ።