ሀ ሁ በመድረሳ ዜማ

በቅርቡ ጎባ ላይ ለቋንቋ መምህራን ስልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሰልጣኙ በዕድሜ ከእኔ በብዙ ያንሳል። ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ «ማስደገም የሚባለው ነገር ቀርቷል፤ ዘመናዊ መምህር አያስደግምም» ሲለን ሁላችንም ጻፍን። እኔም ጻፍኩ። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ማን ይከራከራል። ወደ ሮቤ ስመለስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ሆድ ባሰኝ። ያ የአምስተኛ ክፍል ጩኸት ናፈቀኝ፤ በእውነት ናፈቀኝ።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። የተመደብኩት ሮቤ ዳር፣ ከአጥሩ ማዶ የስንዴ ማሳ የሚጀምርበት ትምህርት ቤት ነበር። ልጆቹ እስከ አራተኛ ክፍል የተማሩት በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው። አማርኛን የሚጀምሩት አምስተኛ ክፍል ላይ ከእኔ ጋር ነው። አብዛኞቹ ከትምህርት ሰዓት ውጪ መድረሳ ስለሚሄዱ የዐረብኛውንም ፊደል ያውቃሉ። ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ሀ ሁ የቆጠሩት ጥቂት የከተማ ልጆች ብቻ ነበሩ።

ኮሌጅ «በቡድን አወያዩ» ብለው አስተምረውኛል። አወያየሁ። ቻርት ሰቀልኩ፣ ወንበሮቹን ፊት ለፊት አዞርኩ፣ «እንግዲህ ገበያ ሄዳችሁ ድንች ግዙ» አልኩ። ድንቹን በኦሮምኛ ተከራክረው፣ በኦሮምኛ ገዝተው፣ በኦሮምኛ ተመራርቀው ተለያዩ። አማርኛው ቻርቱ ላይ ቀረ።

ከሁሉም ያሳሰበችኝ ኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም። በእኔ ክፍለ ጊዜ ግን ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ዴስኩን ታያለች እንጂ ድምጿ አይሰማም። አንድ ቀን አስቀርቼ ምን እንደሆነች በኦሮምኛ ጠየቅኳት። አባቷ በአማርኛ ከወደቀች ትምህርቱ ይብቃት፣ ደሎ መና አክስቷ ዘንድ ሄዳ ሱቅ ትጠብቅ ብሏል አለችኝ።

«ክረምቱን ብቻ ቆይተሽ ትመለሻለሽ» አልኳት፣ ላጽናናት።

«እህቴም ለክረምቱ ተብላ ነው የሄደችው፣ ቲቸር» አለችኝ። «እዚያው ተዳረች።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት። ድንች ያልገዛ ሁሉ ይውደቅ ማለት አልቻልኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ ስሄድ በመድረሳው በኩል አለፍኩ። በተከፈተው መስኮት የአንዲት ልጅ ድምፅ ይመጣል፤ ጥርት ያለ፣ የማይፈራ። ቆሜ አየሁ። እሷ ናት። ኡስታዙ ጥግ ላይ የሌላ ልጅ ንባብ ይሰማሉ፤ እሷ ደግሞ ትንንሾቹን ፊቷ አስቀምጣ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዘች፣ በዜማ አንዱን ፊደል ትላለች፤ እነሱ ይቀበሏታል። የተሳሳተውን ጉልበቱን መታ ታደርገዋለች። እኔም ጎባ ከየኔታ እግር ስር የተማርኩት እንዲሁ ነበር። በስንደዶ እየጠቆምን፣ በዜማ፣ ትልቁ ትንሹን እያስቆጠረ። ማንም ብቻውን ተነስቶ «ተናገር» አይባልም ነበር።

በማግስቱ ቻርቱን አወረድኩ። የቄስ ትምህርት ቤቶቹን ልጆች አስነስቼ እያንዳንዳቸው ፊት ጓደኞቻቸውን አስቀመጥኩ። «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ተጀመረ። ክፍሉ ንብ ቀፎ ሆነ። የቆጠረ ሌላውን ያስቆጥራል። ያቺ ልጅ ገና ፊደሉን ሳትጨርስ የራሷን ተማሪዎች ሰብስባ ታስጮሃቸው ጀመር። አማርኛዬ ከእሷ አፍ ሲወጣ በሰማሁ ቀን ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ዳቦ ገዛሁና ጎረቤቶቼን አበላሁ።

ያላሰብኩት ነገር ልጆቹ ዜማ መዋዋሳቸውን ነው። የመድረሳዎቹ ልጆች ሀ ሁን በመድረሳው ዜማ ማለት ጀመሩ። የቄስ ትምህርት ቤቶቹ ልጆች ይሄኛው ስለጣማቸው ያዙት፤ የእነሱን ደግሞ ሰጡ። ልጅ ምን ያውቃል፤ የጣመውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

መጀመሪያ የመጡት አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ናቸው። «ልጄ ማታ ውዳሴ ማርያምን በመድረሳ ዜማ ደገመልኝ» አሉኝ። «ምን እያስተማርሽው ነው፣ የኔ ልጅ?» ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ወዲያው ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። ያቺ ልጅ ደግሞ ኡስታዙ ፊት የዐረብኛውን ፊደል፣ አሊፍ ባ ታን፣ በየኔታ ዜማ አውርዳዋለች። ኡስታዙ ስቀው አርመዋታል አሉ። አባትየው ግን ሰምቶ «ልጄን ላወጣ ነው» ብሎ ቢሮ ተቀምጧል።

«ትምህርት ሴኩላር ነው» አለኝ ርዕሰ መምህሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ዜማ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።»

ተናደድኩ። ለልጆቹ ዜማው ምርኩዝ ነበር፤ ማንም ማንንም አልሰበከም። ግን የምከራከርበት ጊዜ አልነበረም፤ ልጅቷ ልትሄድ ነው። ወደ አባትየው ዞሬ በኦሮምኛ ለመንኩት። «ከመውሰድዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተቀምጠው ይዩ» አልኩት። ረዥም፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነው። ተነስቶ ተከተለኝ።

ጋቢውን እንደለበሰ ኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞረ። ዜማ ተከልክሏል ስላቸው ክፍሉ ጭጭ አለ። ማንንም ባላስነሳ በወደድኩ፤ ግን ሰውየው የመጣው ለእሷ ነው። መጽሐፉን ከፍታ ቆመች። ምንባቡ የጎረቤት በሬ ስንዴ ማሳ ስለገባበት ገበሬ ነበር። ሰውነቷ መወዛወዝ ጀመረ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ከዚያ ወጣላት፤ ያለ ዜማ፣ እንደ ወሬ። አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበችና ቀና ብላ አባቷን አየች። ምን እንደተባለ በኦሮምኛ ነገረችው። ሁለተኛውን አነበበች፤ ነገረችው። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም።

አባትየው አንገቱን አስረዘመ። «ስንዴው ያሸተ ነው?» አላት። መጽሐፉ አይልም ብላ መለሰችለት። ልጆቹ ሳቁ። እሷ ቀጠለች፤ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ካሳ ተቆረጠ። «ይሄ ያንሳል» አለ አባትየው፤ እሷም ልክ ነው ያንሳል አለች፣ በአማርኛ፣ ለእኔ።

ደወል ሲደወል ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። እሷ በሩ ጋ ቆመች። አባትየው ግን ከዴስኩ አልተነሳም። ልጅ ሆኖ እዚሁ ሮቤ ትምህርት ቤት ገብቶ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ እንደነበር ነገረኝ። አስተማሪው አስነስቶ የሆነ ነገር ጠየቀው። አልገባውምና ዝም አለ።

«ከዚያ ክፍል ይዤው የወጣሁት አንድ የአማርኛ ቃል ነው» አለኝ። «ውጣ የሚለውን። ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። የዜማውን ነገር ሰበብ አደረግኩት እንጂ አንድ ቀን ሳያስወጧት እኔው ላውጣት ብዬ ነው።»

ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ በሩ ጋ የምትጠብቀውን ልጁን አየ።

«ኢሼን ሃ ቱርቱ» አለኝ። እሷ ትቆይ ማለቱ ነው።