ሹራቤን የቦጨቀችው ወፍ

ባሌ ሮቤ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ የወሎ ልጅ። ባለፈው ዓመት ወደ ደሎ መና ስሄድ ሳነቴ ተራራ ላይ የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳ። ወርጄ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ክንዴ ላይ አርፋ የሱፍ ሹራቤን ክር ትመዝ ጀመር።

«አትነቃነቅ ልጄ፣ ጎጆ እየሠራች ነው» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት።

ወፏ ክሯን ይዛ ዓለቱ ሥር ትገባለች፣ ተመልሳ ትመዛለች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ተሳፋሪው እየሳቀ ፎቶ ያነሳኛል። እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም።

«የት ነው መንገዱ?» አሉኝ አዛውንቱ።

«አብራኝ የምታስተምር ልጅ አለች ሀጂ፣ ሀሊማ የምትባል። ሽማግሌ ከመላክህ በፊት አባቴ ይይህ ብላ እዚያ ቤታቸው ትጠብቀኛለች። ኃይለኛ ናቸው ሲሉ ሰምቼ ጨንቆኛል።»

ሀጂ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ጎማው ተቀይሮ ሾፌሩ ሲጠራን እጅጌዬ ተቦጫጭቆ አልቆ ነበር። ሀጂ ክንዴን ይዘው አስነሱኝ።

«እቤት ስንደርስ መጀመሪያ የእኔን ሹራብ ትለብሳለህ» አሉኝ። «ሀሊማ እንዲህ ሆነህ ካየችህ የምትቆጣው እኔን ነው።»