በግዝት የተሰጠን አጭር ጽሕፈት

በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ቢቸና ውስጥ የጋዜጣ ወኪል ሆኜ ስሠራ፣ የምቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በሞጣው ወኪል። ሁለታችንንም አጭር ጽሕፈት ያስተማሩን አንድ ሰው ናቸው። ቅኔ ቤት ያደጉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ «የኔታ» እንላቸዋለን። የተናጋሪን ቃል ከአፉ እየቀለቡ የሚጽፉባቸውን ምልክቶች የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው።

ያስተማሩን በነጻ ነው፤ ግን በግዝት። የነፍስ አባታቸው መስቀል ይዘው ቆሙና፣ ያለ የኔታ ፈቃድ ምልክት የጨመረ፣ የቀነሰ፣ ለሌላ ያስተማረ ውጉዝ ይሁን አሉ። አሜን አልን። የኔታ ዕድሜያቸው ገፍቶ ስለነበር የማስተማሩን ፈቃድ ከሁለታችን ለአንዱ እንደሚያወርሱ ነግረውናል። ለእኔ እንደሚሆን አልተጠራጠርሁም።

ምልክቶቹ ጉድለት ነበረባቸው። የቤተ ክህነቱ «ምስጢር» እና «ቡራኬ» እያንዳንዳቸው በአንድ ጭረት ይጻፋሉ፤ «ፖሊስ» እና «ኮሚቴ» ግን ምልክት የላቸውም። እነሱን በፊደል ዘርዝሬ ስጽፍ ምስክሩ ጥሎኝ ይሄዳል። ቢሆንም ቃሌን ጠበቅሁ።

በኋላ የሞጣው ሰው የራሱን ምልክቶች እንደጨመረ፣ አልፎም ለሦስት ጸሐፊዎች እንዳስተማረ ሰማሁ። ዘገባው ከእኔ ቀድሞና ሞልቶ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በማግስቱ ለየኔታ ነገርሁበት። ለግዝቱ የተቆረቆርሁ መሰልሁ እንጂ ቅናት ነበር።

የኔታ ከነፍስ አባታቸው ጋር በበቅሎ ሞጣ ወረዱ፤ እኔም ተከተልሁ። የሞጣውን ሰው ፍርድ ቤት አገኘነው፤ ስንገባ አንዲት ሴት በሬዋን ወሰደብኝ ያለችውን ጎረቤቷን ትከስሳለች። የኔታ ሁለታችንንም «ጻፉ» አሉን።

«ከበረቴ ፈትቶ ወሰደ! ለፖሊስ ልናገር ብሄድ ፖሊሱ አማቹ ሆኖ ተገኘ!» እያለች ታንበለብለዋለች።

ደጅ ወጥተን የጻፍነውን አነበብን። ሴትዮዋ ቆማ አዳመጠች።

«ይሄኛው ልክ እንደኔ ነው የሚናገር» አለች ወደ ሞጣው ሰው እያመለከተች። «ያኛው ግን በሬዬን ግማሹን በላው!»

የኔታ አልሳቁም። «ማን ፈቀደልህ?» አሉት።

«ማንም፣ የኔታ። ሰው ፈጠነብኝና ጨመርሁ። እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ ሳልጠይቅዎ ቀረሁ። አጥፍቻለሁ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ጉድለቱን አላየህም?»

«አይቻለሁ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ግዝት ነው ብዬ ነዋ።»

«መጨመሩን አስገዘትሁ እንጂ መጠየቁን አስገዘትሁ? ሰው ለመክሰስ ሞጣ ድረስ ያመጣኸኝ ልጅ፣ ጉድለቴን ለመንገር እዚያው ቢቸና ደጄ ራቀህ?»

ቄሱ ለሞጣው ሰው ንስሐ ሰጡትና ከግዝቱ ፈቱት። የኔታም መጨመሩንም ማስተማሩንም ለእሱ ፈቀዱለት። ለእኔ የደረሰኝ «ሰኞ ከእሱ ዘንድ መማር ጀምር» የሚል ቃል ነው።

ሰኞ እዚያው ሞጣ ከተማሪዎቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። «ወንድሜ፣ ከዚያ ሆነህ ሰሌዳው ይታይሃል?» ይለኛል በትሕትና። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ስሕተት ስፈልግበት ሰንብቼ አንድ አገኘሁ፤ ሁለት ምልክቶች በፍጥነት ሲጻፉ ይመሳሰላሉ። በተማሪዎቹ ፊት ነገርሁት።

«ልክ ነህ» አለና እዚያው ለወጠው። «ይህን ያቀናልን እሱ ነው፤ ስታስተምሩ እንዲህ ብላችሁ ንገሩ» አላቸው።

ተማሪዎቹ ዞረው አዩኝ። እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ አዲሱን ምልክት ደጋግሜ ጻፍሁ፤ ትምህርቱ እስኪያልቅም ቀና ብዬ አላየሁትም።